ጠዋት ከዚራ ሰፈር የነዳችሁትን አውቶማቲክ መኪና ከሰዓት የደንገጎን ዳገት ሳታወጡ አትግዙ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋና ሐረር ሆናችሁ ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ነው። ካምቢዮው ያለቀለት መኪና ጤነኛ መስሎ የሚሸጥበት ዘዴ አለ። እኛ ላይ ተሠርቷል። ነገሩን ለሰው መናገር ስንጀምር ሌሎችም ላይ እንደተሠራ ሰማን። ዘዴው ረቂቅ አይደለም። መኪናው ሳይሞቅ፣ ሜዳ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ማሳየት ነው። በቃ።

ባለቤቴ የምትሠራው ሐረር ነው። ጠዋት ሚኒባስ መጋፋት፣ ማታ ደግሞ መመለሻ ማጣት ሰልችቷት ነበር። ለዚህ ነው ቶዮታ ቪትዝ የፈለግነው። ነዳጅ አይበላም፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ሁሉም መካኒክ ያውቀዋል። ደላላው ያገኘልን ሁለተኛው ትውልድ የሚባለውን ነው፤ በፈረንጆቹ 2005 መውጣት የጀመረውን ቅርጽ። ቀለሙ ንጹህ፣ ውስጡ የተያዘ፣ ጎማው አዲስ።

ሻጩ «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ኑ፣ ፀሐይዋ ሳትጠነክር» አለን። ድሬ የኖረ ሰው በዚህ አይጠረጥርም። እዚህ ከተማ ቁም ነገር ያለው ሥራ ሁሉ ጠዋት ነው የሚያልቀው። ከዚራ ላይ በዛፎቹ ጥላ ሥር ነዳነው፣ ሳቢያን ደርሰን ተመለስን። ለስላሳ ነበር። መካኒክ ይዘን ሄደናል። ሞተሩን አዳመጠ፣ ጭሱን አየ፣ ከሥሩ ገብቶ እግሩን ነካካ፣ ኮምፒውተር ሰክቶ አነበበ። ምንም ስህተት አልወጣም። ሻጩ «አቦ፣ ወላሂ ካምቢዮውን ማንም ነክቶት አያውቅም፣ እንደመጣ ነው ያለው» አለ። ውል ተፈራረምን፣ ስም ዞረ፣ ብሩ ገባለት።

ችግሩ የወጣው ከሰዓት በኋላ ወደ ሐረር ስንወጣ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጀምረን ብዙም ሳንቆይ ሞተሩ ይጮህ ጀመር። መኪናው ግን አይሄድም። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር የሚጨምረው ድምፁ ብቻ ነው። ከኋላችን አይሱዙ ጡሩምባውን ያንባርቃል፣ በአንድ በኩል ገደል ነው፣ ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ዳር ይዘን ቆምን። ከቆየን በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ሄደ። ትንሽ ወጣና ደግሞ ያው።

ሲቀዘቅዝ መዳኑ ነው ሁሉንም ነገር ያስረዳን። መኪናውን ያየው ሌላ መካኒክ ገና ስንነግረው «ጠዋት ነው አይደል የገዛችሁት?» ብሎ ጠየቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእነዚህ ቪትዞች የብዙዎቹ ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል ማርሽ የለውም። ሁለት ፑሊዎች አሉት፣ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይዞራል። ፑሊዎቹ ሲጠብቡና ሲሰፉ ነው ጉልበቱና ፍጥነቱ የሚለዋወጠው። ቀበቶው እንዳይንሸራተት ጨምቆ የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል። አዲስ ካምቢዮ ይህን ይችለዋል። ፓምፑ የደከመ፣ ጎሚኒዎቹ ያለቁ፣ ቀበቶው የተፋቀ ካምቢዮ ግን ግፊቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ያንሸራትታል። ባለአራት ማርሹ የተለመደው አውቶማቲክም ከዚህ ብዙ አይለይም። የእሱም ፍሪሲዮኖች የሚያዙት በዘይት ግፊት ስለሆነ በሽታው ሲሞቅ ነው የሚብሰው።

አሁን የእኛን ከተማ አስቡ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቷን ለእናንተ አልነግራችሁም። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ደንገጎ ላይ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ትላላችሁ፣ ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጡትም በአጭር ርቀት ነው። ለደካማ ካምቢዮ ከዚህ የከፋ መንገድ የለም፤ ለገዢ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም። ከዚራም ሳቢያንም ሜዳ ናቸው። ጠዋት እዚያ የተነዳ መኪና ስለ ካምቢዮው ምንም አይነግራችሁም።

ሌላው የሲቪቲ ገዳይ ዘይቱ ነው። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው። ቶዮታ ለእነዚህ መኪኖች ሲቪቲ ፍሉይድ ቲሲ ወይም ኤፍኢ የሚባለውን ያዛል። ሱቅ ስትሄዱ ግን «የካምቢዮ ዘይት» ካላችሁ ቀዩን የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት አንስተው ይሰጧችኋል። ያ ዘይት የተሠራው ለሌላ ዓይነት ካምቢዮ ነው። ሲቪቲ ውስጥ ሲገባ ቀበቶው የሚፈልገውን መያዣ አያገኝም፣ ቀስ በቀስ ብረት ከብረት ይፋቃል። የእኛ ካምቢዮ ሲከፈት ከሥሩ የወጣው ዘይት ገና ትኩስ ቀይ ነበር። የካርተሩ (ከሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ማግኔት ግን የብረት ብናኝ ለብሷል። ማለትም ለሽያጭ ሲዘጋጅ ዘይት ተቀይሮለታል።

እና የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ አውጥታችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጉት። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ መኪናውን ተዉት። በጣም ንጹህ ከሆነም ዝም ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። መቼ ተቀየረ፣ ለምን ተቀየረ፣ የትኛው ዘይት ገባ፣ ደረሰኙስ የት አለ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ በእውነት ሰርቪስ አስደርጎ ከሆነ ለመመለስ አይቸገርም።

ኮምፒውተሩም ብቻውን አይበቃም። ማንኛውም ሰው በርካሽ መሣሪያ የስህተት ኮዶቹን አጥፍቶ መብራቱን ማጥፋት ይችላል። ስህተቱ እንደገና እስኪመዘገብ መኪናው መነዳት አለበት። ስለዚህ የሚያነብላችሁን ሰው «ኮድ አለ ወይ?» ብቻ አትበሉት። ኮዱ ከጠፋ በኋላ መኪናው ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ በብዙ መኪኖች ላይ ይታያል። ትናንት ማታ የጠፋ ከሆነ ለምን እንደጠፋ ሻጩ ያስረዳ።

አነዳዱን በተመለከተ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከሰዓት ሂዱ። መኪናው ሙቀት ላይ ይዋል፣ ከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሳ ይነዳ፣ ከዚያ በቀጥታ ደንገጎን ይውጣ። ኤሲው ክፍት ይሁን፣ ሰውም ሞልታችሁ ውጡ። ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልተከተለው አቁሙ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ላይ ደርሳችሁ ሳይቀዘቅዝ ዳገት ላይ አቁሙትና የኋላ ማርሽ አስገቡ። አንገራግሮ ወይም ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ ችግር አለ። ፍሬን ይዛችሁ ከኤን (ነፃ) ወደ ዲ (ወደፊት)፣ ከኤን ወደ አር (ወደኋላ) አስገቡት። ሳይዘገይና ሳይገፈትር፣ በለስላሳው መያዝ አለበት። ቆይቶ ገፍትሮ የሚይዝ ካምቢዮ የታመመ ነው። ስትወርዱ ራዲዮውን ዝጉና አዳምጡ፤ ሲቪቲ ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ሲያልቅ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚጨምር ልቅሶ የመሰለ ድምፅ ያሰማል።

ማንዋል ለምትገዙም ዳገቱ ይጠቅማችኋል። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ፣ ወይም ዳገት ላይ ነዳጅ ሲለቁት ከማርሽ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው መከፈት አለበት። ፍሪሲዮን ብቻ ከሆነ ግን መደራደሪያ ነው፣ አይግደላችሁ።

«ደንገጎ ድረስ? ለምን ነዳጅ ታቃጥላላችሁ?» የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። ነዳጁን እናንተ ሙሉለት። እሱም አብሯችሁ ይሳፈር። ነዳጅ ተሞልቶለትም እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ለምን አሁን ይህ በዛ የምትሉ ካላችሁ፣ ገበያውን ተመልከቱ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እዚሁ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ዕድሜው ይጨምራል፣ ዋጋው ግን አይወርድም። ካምቢዮ የማሠራቱን ወጪ ከመሸከም ለሚቀጥለው ሰው ማሻገር ለብዙዎች ቀላል ሆኗል። ይህ ያናድደኛል። የሚሻገረው ብልሽት ዳገት ላይ፣ በከባድ መኪና መሀል፣ ከነልጆቹ የሚቆም ቤተሰብ ላይ ነው የሚያርፈው።

ወደ ውሉ ልምጣ። የሽያጭ ውሎቻችን ላይ «መኪናውን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። አንዳንዱ ላይ «ከዚህ በኋላ ለሚፈጠር ማንኛውም ብልሽት ሻጭ ተጠያቂ አይደለም» ይጨመርበታል። ደላላው «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው» ይላችኋል። እናንተ ሌላ ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ፤ ሻጭ ሞተሩና ካምቢዮው የሚያውቀው ብልሽት እንደሌለባቸው ያረጋግጣል፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ቀድሞ የነበረ የካምቢዮ ብልሽት ቢገኝ ያሠራል ወይም ብር ይመልሳል ይባል። የቀኑን ቁጥር ተደራደሩበት። ብሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትልቀቁ፣ የተወሰነው ለዚያ ጊዜ ይያዝ።

ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ። ውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ብር አትጻፉ። ቀረጥ ለመቀነስ ብለው የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፣ ሕገ ወጥም ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው ማስረጃ ውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው። ክፍያው በባንክ ይሁን።

ከገዛችሁ በኋላ ብልሽት ቢወጣስ? ብዙ ሰው «አይቼ ወድጄ» ብሎ ስለፈረመ መብቱ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሽያጭን በሚመለከተው ክፍሉ፣ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ሻጭ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል ከደበቀ፣ «ተጠያቂ አይደለሁም» የሚለው የውል ቃል አያድነውም። ገዢ ላይ ያለው ግዴታ ግን ከባድ ነው፤ ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። «ትንሽ ልየው» ብሎ መቆየት መብት ያስጠፋል። ስልክ ብቻ አትደውሉ። በጽሑፍ፣ ቀን ጠቅሳችሁ፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ዘርዝራችሁ ላኩለት። ከመግዛታችሁ በፊት በቴሌግራም የጻፈላችሁ መልእክትም ካለ አትሰርዙ፣ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። ሻጩ መኪና ነጋዴ ከሆነ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረትም መጠየቅ ይቻላል። እንደ እኛ ከግለሰብ ከገዛችሁ ግን መንገዱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ከሁሉም በላይ ካምቢዮው ሻጩ ሳያየው እንዳይፈታ። ይህን ነው እንደ ዓይናችሁ ብሌን መጠበቅ ያለባችሁ። ከተፈታ በኋላ የሚሰጣችሁ መልስ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ነው። በፊት ቪዲዮ ቅረጹ፣ ኪሎሜትሩ ይታይ፣ ሞተሩ ሲጮህ ይሰማ። ሻጩን ጥሩት። አልመጣም ካለ ከጋራዡ በጽሑፍ የምርመራ ውጤት ተቀበሉ፣ ቢቻል ከሁለት ጋራዥ። መኪናውንም አትንዱት። እየተንሸራተተ የሚነዳ ካምቢዮ ብናኙን ወደ ቫልቮቹ እየረጨ የሚተርፈውንም ይገድለዋል።

እኛ ጽሑፉንና ቪዲዮውን ከላክን በኋላ ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ከዚያ ሁለታችንንም የሚያውቁ የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡበት። ካምቢዮው እሱ ባለበት ተከፈተ። ብናኙን አየ፣ ብዙም አልተከራከረም። የማስቀየሪያውን ግማሽ እንዲከፍል ተወሰነ፣ ከፈለም። ግማሹ እኛ ላይ ቀረ፣ ያም ለእኛ ቀላል ብር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ባይኖሩ ፍርድ ቤት እንሄድ ነበር፣ ወረቀታችን ተዘጋጅቶ ነበር። እሱም እንዲቀመጥ ያደረገው ያ ወረቀት ይመስለኛል።

ለማስቀየር ለምትገደዱ ደግሞ። ድሬ ላይ የሚሆን ካላገኛችሁ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስመጣት አለ። የሚመጣው ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለ ካምቢዮ ነው፣ እሱም ሊታመም ይችላል። የካምቢዮውን ኮድ መኪናችሁ ላይ ካለው የፋብሪካ መለያ ሳህን (ታርጋው አይደለም) ላይ አንብባችሁ ላኩ፤ «የቪትዝ» ማለት አይበቃም፣ የአንድ ሊትር ሞተሩና የአንድ ነጥብ ሦስት ሊትሩ ሊለያይ ይችላል። ደረሰኝ ይኑረው፣ ካልሠራ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። ሲገጠም የራዲያተሩ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ክፍልና ቱቦዎቹ ይታጠቡ፣ የድሮው ብናኝ እዚያ ተቀምጦ አዲሱን ይበላዋልና። ዘይቱን ራሳችሁ ግዙ፣ ጣሳው ላይ ሲቪቲ የሚል መኖሩን አንብቡ፣ ሲሞላም አጠገቡ ቁሙ። ገጥሞ የሰጣችሁን መካኒክ ከመክፈላችሁ በፊት አሳፍራችሁ፣ ከሰዓት፣ ደንገጎን ውጡ።