ለሁለት ደቂቃ አስፈሪ መክፈቻ ምን ይገዛ፣ ምን ይከራይ? ለሐዋሳ ተማሪ ፊልም ሠሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ተማሪዎች የአስፈሪ ፊልም መክፈቻ ለመሥራት አስበው ሊያማክሩኝ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ «የትኛውን ካሜራ እንግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መምጣት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ መክፈቻ የሚያስፈልገው ዕቃ የሚታወቀው ስክሪፕቱ ተጽፎ፣ የቀረጻው ቦታ ቀረጻው በሚካሄድበት ሰዓት ታይቶ፣ እያንዳንዱ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀዳው አንድ ቁራጭ) በዝርዝር ከተቀመጠ በኋላ ነውና። ይህ ንጽጽር አራትም አምስትም ሆነው ገንዘብ ለሚያዋጡ ተማሪዎች የተጻፈ ነው። አቋሜንም ከመነሻው ልግለጽ፦ የተዋጣው ገንዘብ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ያ ዕቃ ካሜራ ሳይሆን የድምፅ መቅጃ መሆን አለበት።

ምክንያቴን በአንድ ትዕይንት ላስረዳ። ባለፈው ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ ተማሪዎች በታቦር ተራራ ግርጌ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ የሚፈጸም መክፈቻ ጽፈው ነበር። መብራት በጠፋበት ሌሊት አንዲት ልጅ በሻማ እያጠናች ሳለ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ይራመዳል። ልጅቷ ቀና ስትል እርምጃው ይቆማል፤ አጎንብሳ ማንበብ ስትጀምር ልክ ከራሷ በላይ እንደገና ይሰማል። የሚራመደው ነገር በፍጹም አይታይም። የሙከራ ቀረጻውን ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ብቻ ሠሩትና ቁጭ ብለን ስናዳምጠው፣ መብራት ጠፍቷል በተባለበት ቤት ውስጥ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። ካሜራ የድምፅ መጠንን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ፣ ክፍሉ ዝም ባለ ቁጥር የመቅጃውን ኃይል ከፍ ስለሚያደርግ ጸጥታው በማይኩ «ሽ…» የሚል ድምፅ፣ በፍሪጅና በሩቅ ባጃጅ ድምፅ ይሞላል። እርምጃው ሲመጣ ደግሞ ኃይሉን በቅጽበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሊያስደነግጥ የሚገባው ድምፅ ተሸማቆ ይወጣል። አስፈሪ ፊልም የሚኖረው በጸጥታውና በድምፁ መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ያንን ርቀት ያጣ መክፈቻ ምንም ያህል ጥራት ያለው ምስል ቢኖረው ተመልካቹን ከወንበሩ አያነቃንቀውም።

መፍትሔውን ያመጣችው ከቡድኑ አንዷ ናት። ቤታቸው ከአሞራ ገደል ብዙም አይርቅምና፣ ሊነጋጋ ሲል አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ጣሪያቸው ላይ አርፎ ሲራመድ የከባድ ሰው እርምጃ እንደሚመስል ነገረችን። ትንሿን መቅጃ ከጣሪያው ሥር አስቀምጠን ለሁለት ንጋት ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን የተቀዳው የጥፍርና የቆርቆሮ ድምፅ ከየትኛውም የተዘጋጀ የድምፅ ክምችት ልናገኘው የማንችለው ነበር።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ፣ ለተማሪ አቅም የሚቀርቡት የድምፅ አማራጮች ሦስት ናቸው። ቦያ ቢዋይ ኤም 1 የተባለው ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ርካሽ ነው፤ ስድስት ሜትር ገመድ ያለው ሲሆን በስልክም በካሜራም ይሠራል። ለንግግር በቂ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው አፍ የተሠራ በመሆኑ ክፍልን፣ በርን፣ ኮሪደርን አይቀዳም፤ ልብስ ሲነካውም ይንኮሻኮሻል። ካሜራ ላይ የሚታሰረው አቅጣጫ ለይቶ የሚቀዳ ማይክ ከጎን የሚመጣውን ድምፅ ይቀንሳል፤ ችግሩ ካሜራው ሲርቅ አብሮ መራቁ ነው፤ አስፈሪ መክፈቻ ደግሞ ባዶ ኮሪደርን ከሩቅ በሚያሳዩ ሾቶች የተሞላ ነው። ሦስተኛው እንደ ዙም ኤች 1 ኤን ያለ የእጅ መቅጃ ሲሆን፣ የእኔ ምርጫ እርሱ ነው። በሁለት ትናንሽ ትሪፕል ኤ ባትሪዎች ይሠራል፣ የድምፁን መጠን በጣት ዞር አድርጎ መወሰን ያስችላል፣ ሄድፎን ስለሚቀበል የሚቀዳውን እዚያው እየሰሙ መሥራት ይቻላል። ከበር ጀርባ፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከጣሪያ ማዕዘን ሊደበቅ መቻሉም ለዚህ ዓይነት ፊልም ትልቅ ጥቅም ነው። እርሱን ተከትሎ በ2024 የወጣው ኤች 1 ኢሴንሻል በ32 ቢት ፍሎት፣ ማለትም በጣም ዝቅተኛውንም በጣም ከፍተኛውንም ድምፅ ሳያበላሽ በሚይዝ ዘዴ፣ ስለሚቀዳ የድምፅ መጠንን አስቀድሞ የማስተካከል ጭንቀትን ያስቀራል፤ ሹክሹክታና ጩኸት በአንድ ሾት ውስጥ ካላችሁ የዋጋ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል። በመቅጃው የተቀዳውን ድምፅ ከምስሉ ጋር ለማዛመድ በየሾቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል።

ካሜራን በተመለከተ ምርጫው በእጃችሁ ባለው ስልክ፣ ባገለገለ ካኖን 700ዲ እና እንደ ሶኒ ኤ 6400 ባለ አዲስ ትውልድ ካሜራ መካከል ነው። ስልክ በቀን ብርሃን አያሳፍርም፤ በጨለማ ግን ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ሻማ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብርሃኑን ራሱ ከፍና ዝቅ ማድረጉ ሲሆን፣ ይህም የተመልካቹን ትኩረት ከፍርሃቱ ወደ ምስሉ መርገብገብ ይወስደዋል። ሁለተኛው በሰከንድ የሚቀዳው የምስል ብዛት ወጥ አለመሆኑ ነው፤ ረጅም ሾት ላይ ለብቻው ከተቀዳው ድምፅ ጋር ቀስ በቀስ ይለያያል። ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው ነፃ መተግበሪያ፣ ለአይፎንና ለተወሰኑ የአንድሮይድ ስልኮች፣ ሁለቱንም በአመዛኙ ያስተካክላል። መተግበሪያው ስልካችሁ ላይ የሚሠራ ከሆነ ለካሜራ ኪራይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ሞክሩት።

700ዲ በ2013 የወጣ ካሜራ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ዛሬም ያገለግላል፤ የሚታጠፍ ስክሪን፣ የማይክ መሰኪያና የድምፅ መጠንን በእጅ የመወሰን አማራጭ አለው። ድክመቱ ጨለማ ላይ ነው፤ አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው የስሜት መጠን፣ ከ1600 ካለፈ ጥቁሩ ግድግዳ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይወረራል። ለዚህ ግን ካሜራ ከመቀየር ይልቅ ሌንስ መቀየር ይሻላል። አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ሲያጎላ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል)፤ 50 ሚሊሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ ደግሞ ከዚያ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ብርሃን ያስገባል። በእኛ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ 50ው በጣም ስለሚቀርብ ፊትንና እጅን ለማሳየት ካልሆነ አይመችም፤ ለሰፊ ሾት 18-55ውን ሙሉ በሙሉ ወደ 18 መልሳችሁ ተጠቀሙ። ኤ 6400 ጨለማን ከሁሉም በተሻለ ይቋቋማል፤ ፎር ኬ በተባለው ከፍተኛ የምስል ጥራትም ይቀዳል። እኔ ግን ለሁለት ደቂቃ ሥራ ግዙት አልልም፤ አንድ ቀን መከራየት ይበቃል። የትኛውንም ብትይዙ በሰከንድ 25 ምስል፣ ሹተሩንም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ከዚህ የተለየ ልኬት የቤት አምፖሎችን ሊያብለጨልጭ ይችላል።

መብራት ላይ ብዙዎች ጎዶክስ ኤስኤል 60 ደብልዩ የተባለውን የኤልኢዲ መብራት ይጠይቃሉ። ጠንካራ ነው፤ በመስኮት አሻግረው ካስገቡትና የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ 3200 ኬልቪን ላይ ካደረጉት የጨረቃ ብርሃን የሚመስል ሰማያዊ ይሰጣል። ነገር ግን ማራገቢያው ይሰማል፣ የግድግዳ ሶኬትም ይፈልጋል፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳት ደግሞ ድምፁን ሙሉ በሙሉ መተው ነው። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የኤልኢዲ ፓኔል ደካማ ቢሆንም ድምፅ የለውም፤ በቀጭን ነጠላ ሸፍኖ ከበር ጀርባ ማስቀመጥ ለአንድ ክፍል ይበቃል።

ኪራይን በሚመለከት፣ በከተማችን ካሜራና መብራት የሚያከራዩት በአብዛኛው የሠርግ ቪዲዮ ሠሪዎችና ፎቶ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ የቀረጻ ቀናችሁን በጥር ቅዳሜና እሑድ ላይ አታድርጉ፤ ዕቃው ሠርግ ላይ ይውላል፣ ቢገኝም ዋጋው ይወደዳል። የሳምንቱ መካከል ይቀላል፤ ለድርድርም ይመቻል። አንድ ጊዜ ቀብድ ከፍለን ያመጣነው ካሜራ ባትሪው በአርባ ደቂቃ አልቆብን ሌሊቱ እንዲሁ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ባትሪውን፣ ሜሞሪውን፣ የማይክ መሰኪያውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳንሞክር አንወጣም፤ መለዋወጫ ባትሪ ካልተሰጠንም አንዋዋልም። ያገለገለ 700ዲ የምትገዙ ከሆነ በተለይ የስክሪኑን ማጠፊያና የማይክ መሰኪያውን እያንቀሳቀሳችሁ ፈትሹ፤ ቶሎ የሚላሉት እነርሱ ናቸው።

ኪራዩ ስንት ቀን እንደሚሆን የሚወስነው የቦታ ምርጫችሁ ነው። የቤት ውስጥ መክፈቻ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ብትሸፍኑ በቀንም ይሠራል። የሐይቅ ዳር መክፈቻ ግን ከባድ ነው፤ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጠልቃ፣ ለካሜራ የሚበቃው ሰማያዊ ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሦስትና ከአራት ሾት በላይ ስለማይወጣ ቢያንስ ሦስት ምሽት ልትከራዩ ነው። በዚያ ላይ ጉማሬዎች ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጡ፣ ከጨለመ በኋላ ውኃው ጠርዝ ላይ ተዋናይ ማቆም በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ለማንኛውም የውጭ ቀረጻ ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፋችሁ ለቀበሌው ቀድማችሁ አስገቡ፤ የኪራዩን ቀብድ የምትከፍሉትም ደብዳቤው መልስ ካገኘ በኋላ ይሁን።