የአባቴ ቮልስ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ወርዶ

አገር ቤት አሮጌ መኪና ቆሞ የሚጠብቃችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። የእኔዋ የአባቴ ቮልስ ናት፤ 1300፣ በፈረንጆቹ የ1968 ሞዴል። ሲሞቃት የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከሥር ደግሞ ዱግ ዱግ ትላለች።

መጀመሪያ የወሰድኳትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ሞተሩን በግማሽ ቀን አወረዱት፣ እጃቸው ፈጣን ነው። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሲወጣ ግን ሰውየው በጥፍሩ አንዴ ጫር አደረገውና «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉም ይላጫል» አለኝ፤ በማሽን ተፍቆ ይቅጠን ማለቱ ነው። በምን ለካኸው? «በዓይን ያስታውቃል።» ሒሳቡን ግን በዓይን አልገመተም፣ እስከ ሳንቲሟ ጻፈልኝ።

ብረቱን በጋቢ ጠቅልዬ ሌላ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። (እናቴ ስለ ጋቢው እስካሁን አልማረችኝም።) እዚያ ያለው ልጅ በናፍጣ አጠበው፣ ጠረገው፣ ከማይክሮሜትሩ (ከውፍረት መለኪያው) ጎን አስቀመጠውና ሻይ አዘዘ። «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ቆይቷል። ሁለቱ እኩል ካልቀዘቀዙ ቁጥሩ ይዋሻል።»

ከዚያ ቤሪንግ (ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚገባው ስስ ቅፍ) የሚቀመጥባቸውን አንገቶች አንድ በአንድ ለካ፤ እያንዳንዱን በቁም፣ ከዚያ በአግድም፣ እንደገና ጫፍና ጫፉ ላይ፣ እየለካም ካርቶን ላይ ይጽፋል። ሦስቱ ትልልቅ የመሐል አንገቶች 54.97 ሚሊ ሜትርና ከዚያ ትንሽ በላይ ወጡ፤ አዲስ ሲሆኑም ከ54.97 እስከ 54.99 ናቸው። የፒስተን ዘንግ ከሚይዙት አንዱ ግን በአንድ በኩል 54.97፣ በሌላው 54.91 መጣ። የሚፈቀደው ሞላላነት 0.03 ነው፣ ይሄ እጥፉ። የዱግ ዱጉ ምንጭ እሱ ነበር፤ የዚያ አንገት ቤሪንግ ሽፋኑ አልቆ መዳቡ ወጥቶ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አራቱ የፒስተን ዘንግ አንገቶች ብቻ በ0.25 ሚሊ ሜትር ተላጩ፣ የመሐሎቹ አልተነኩም። የድሮውን ቤሪንግ ገልብጦ ጀርባው ላይ የታተመውን የመጠን ቁጥር አሳየኝና ቀድሞ ያልተላጨ መሆኑንም አረጋገጠልኝ። ከተላጨ በኋላ የዘይት ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠርጎ በኮምፕረሰር ነፋ፤ የቀረ የብረት ዱቄት አዲሱን ቤሪንግ በአንድ ቀን ይበላዋል።

ቤሪንጉ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እስኪላክ አራት ቀን ጠበቅኩ። 130 ኪሎ ሜትር ለምን አራት ቀን እንደሚፈጅ አትጠይቁኝ። ያደርኩበት ሆቴል ብርድ ልብሱ የደብረ ብርሃን ነው፣ ይሞቃል፤ ሙቅ ውሃው ግን ማታ ብቻ ነው የሚመጣው። ለዚያ ብርድ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ልጁ የተላጨውንም ፊቴ ለክቶ ነው ያስረከበኝ፣ 54.72። ደረሰኝም ሳልጠይቅ ሰጠኝ።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ሳልጨቁናት ደብረ ሲና ወርጄ ተመለስኩ። የጣርማበርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ መኪና ሁሉ እያለፈኝ። ዋሻው አፍ ላይ ጉም ውስጥ ቆሜ ዝም ብላ ስትሠራ አዳመጥኳት። መብራቱ ጠፍቷል።