ኮርሳ ወይስ ማውንቴን? ከሃምሳ በኋላ ወደ ብስክሌት ለሚመለሱ

ልጆች አድገው ጊዜ ሲገኝ፣ የድሮው የብስክሌት ፍቅር ይቀሰቀሳል። የቱ ይገዛ? ኮርሳ (ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት) ወይስ ማውንቴን (ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት)?

አቀማመጥ፦ ኮርሳ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ግን ማኑብሪዮው ያጎነብሳል። ወገቡን ለሚያመው ይከብዳል። ማውንቴን ቀና አድርጎ ያስቀምጣል፤ አስፋልት ላይ ግን ወፍራም ጎማው ይጎትታል።

ዳገት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በመሃል ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ማውንቴን ቀላል ማርሽ ስላለው ተቀምጠው በዝግታ ይወጣሉ። የድሮ ኮርሳ ግን ከመቀመጫ አስነስቶ ያስረግጣል፤ ለጉልበትዎ ይዘኑለት። ቁልቁለቱማ ይብሳል! የፍሬኑ ጎማ ማለቅ አለማለቁን ሳያዩ ሐረጎን መውረድ የለም። ሄልሜትም እንዳይረሳ።

ወጪ፦ ኮርሳ ከመግዛትዎ በፊት ቀጭኑ ጎማና ካላማዳሪያው በቅርብ መገኘቱን ይጠይቁ።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ በአስፋልት፣ ጤነኛ ወገብ ይዘው ረጅም መንገድ ለሚነዱ ኮርሳ ይመቻል። ደሴ ለሚኖር፣ ሰፈሩ ኮብልስቶን ለሆነ ወይም ጉልበቱ ለሚያስቸግረው ማውንቴን ይሻላል። ሁለቱንም ለሚፈልግ፣ ማውንቴኑ ላይ ሳሳ ያለ፣ ጥርስ የሌለው ጎማ ማስገባት ይቻላል።