ለልጅ የሚነበብ አስቂኝ የሥዕል መጽሐፍ፦ የቱ ይገዛ?

"ለልጄ የሚያስቅ የሥዕል መጽሐፍ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?" የሚሉኝ ወዳጆች ስለበዙ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ልጁ ሦስት ዓመት ካለፈው መልሴ አንድ ነው፦ ሽፋኑ ስስ፣ መሃሉ በስቴፕለር ሽቦ የተያያዘ ኦሪጅናል። ያው ታሪክ በጠንካራ ሽፋን ሲሆን ብዙ ጊዜ እጥፍ ያህል ያስከፍላል። ትርፉ ገንዘብ ለሽፋኑ ነው፤ ሳቁ አይጨምርም።

ገጹ ሁሉ ካርቶን የሆነው ገና ወረቀት ለሚያኝኩ ሕፃናት ደህና ነው። ግን ገጹ ጥቂት ስለሆነ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ቆራርጠው ነው የሚያስገቡት። ባለ ድምፁን አልገዛም። ልጁ ቁልፍ ሲጫን ማን ያነባል? ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ውድ ካርቶን ሆኖ ይቀራል። የባትሪው ክዳን ከላላማ ቤት ውስጥም አይቀመጥ፤ ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ርካሹ ኮፒ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ቀልዱም የተደበቀው ገጹ ሲገለበጥ ነው። "በሩ ተንኳኳ። ከፈተችና..." ብለው ትንፋሽ ይውጣሉ፣ ይገልጣሉ፤ ጉማሬ ፎጣ አገልድሞ ሳሙና ይለምናል! ኮፒ አድራጊው ወረቀት ለመቆጠብ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ያትመዋል። በሩ ሳይንኳኳ ጉማሬው ታየ፣ አለቀ። ዳር ዳሩን ሲከረክሙትም ልጁ ብቻ የሚያያት ጥግ ላይ ያለችው አይጥ አብራ ትሄዳለች። ጀርባው በኮላ ብቻ ከተለጠፈ ደግሞ የሥዕሉን መሃል እጥፋቱ ይውጠዋል፤ ጠበቅ አድርገው ሲከፍቱት ቅጠሉ እጅ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት መሃሉን ይክፈቱና ሽቦውን ይዩ፤ የፊቶቹ መስመር ደብዝዞ እንደሆነም ያስተውሉ። ከዚያ እዚያው ቆመው ሁለት ገጽ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ምላስዎ ከተሳሰረ ማታ ደክሞዎት ጭራሽ አይሆንልዎትም።

ገንዘብ ካጠረ ከአዲስ ኮፒ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። እጥፋቱ የተቀደደ እንደሆነ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በነጭ ኮላ ለጥፎ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር ነው። ስኮች አይሞክሩ፤ ውሎ አድሮ ይቢጫል፣ ሲላጥም ሥዕሉን ይዞ ይነሳል። ቀድሞ የሚወልቀው የመሃሉ ቅጠል ነውና እሱን ፈልጌ ካገኘሁ፣ የሌላ ልጅ እርሳስ ሽፋኑን ቢሞነጫጭረውም ዋጋ ማስቀነሻ ይሆነኛል።