ኪውፓዝ ከወራት በኋላ፦ የአይጥ አንጎል ሴል ቆጠራ በሰበታ

ኪውፓዝ (QuPath) የተባለውን የማይክሮስኮፕ ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር ከመጋቢት ጀምሮ እየተጠቀምኩበት ነው። የምቆጥረው ለአንድ የመድኃኒት ጥናት የተዘጋጁ የአይጥ አንጎል ስላይዶችን፣ ማለትም በመስታወት ላይ የተለጠፉ ስስ የአንጎል ቁራጮችን ነው። ምስሎቹ ከተማ ካለው ላብራቶሪ በሃርድ ዲስክ ይመጡልኛል፤ ቆጠራው ግን ሰበታ፣ ቤቴ ነው። መጀመሪያ የወደድኩለት ነገር ከሳይንስ ጋር አይገናኝም፤ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ ክፍያም የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ቤልፋስት ባለው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ የታወቀ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው።

«አውቶማቲክ ቆጠራ» ሲባል ምስሉን ሰጥቶ፣ ቡና እስኪፈላ ቁጥሩን መቀበል የሚመስለው ካለ ይቅርበት። ዋናው ሥራ ከቆጠራው በፊት ያለው ነው። ትልልቅ ስካነሮች አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) እንደሆነ ከምስሉ ጋር ይመዘግባሉ። ማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ካሜራ የተነሳ ምስል ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ መረጃ የለውም፤ በስቴጅ ማይክሮሜትር (ልኬት በተቀረጸበት የመስታወት ማስመሪያ) ለክቶ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ካልገባ ሶፍትዌሩ የኒውክለሱን (የሴሉን እምብርት) ስፋት በፒክስል ስለሚያስብ፣ ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ውጤቱም ይለወጣል።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። በእኛ ስላይዶች የነርቭ ሴሎቹ ዳብ (DAB) በሚባለው ማቅለሚያ ቡናማ ሆነዋል፣ የቀሩት ኒውክለሶች ደግሞ ሄማቶክሲሊን በሚባለው ሰማያዊ። ፍለጋው በሄማቶክሲሊን ብቻ እንዲሆን ከታዘዘ፣ ደማቁ ቡናማ ሰማያዊውን ስለሚሸፍነው በጣም የሚፈለጉት ሴሎች ያመልጣሉ። የሁለቱን ቀለም ድምር ጥቁረት የሚያነበው ምርጫ ይሻላል። የካሜራው ራስ-ሰር ብርሃን ማስተካከያም ይጥፋ፤ አለበለዚያ ለአንዱ ስላይድ የተመረጠው የጥቁረት ወሰን ለቀጣዩ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን መካሻው ይመጣል። በአንድ ምስል ላይ የተሠራው እርምጃ ሁሉ ወደ ስክሪፕት (የትእዛዝ ዝርዝር) ተቀይሮ በሙሉ ፕሮጀክቱ ላይ ይሮጣል። በእጅ ስቆጥር ጠዋት «ቡናማ ነው» ያልኩትን ማታ በደከመ ዓይን ልተወው እችላለሁ፤ ስክሪፕቱ ግን የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም አይጥ በአንድ መስፈርት ይዳኛል። ቢሳሳት እንኳ ለሁሉም እኩል ይሳሳታል፤ መድኃኒት ከወሰዱትና ካልወሰዱት የትኞቹ እንደሆኑም አያውቅም። ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ ዋጋ ያለው ይኼ ነው።

ሂፖካምፐስ (ከማስታወስ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል) ላይ ሲደርስ ግን እጅ ይሰጣል። በተለይ ዴንቴት ጋይረስ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ሴሎቹ እንደ ተደፋ ጤፍ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ ሁለቱን ሦስቱን አንድ ያደርጋል። በቅርጽ የሚለየው ምርጫ ትንሽ ይረዳል። ስታርዲስት የሚባለው ተጨማሪ ደግሞ የበለጠ ይለያል፤ ሞዴሉን ግን ለብቻ ማውረድ ያስፈልጋል። እዚያ አካባቢ አሁንም የተወሰኑ ሳጥኖችን በእጅ ቆጥሬ ከማሽኑ ጋር አመሳክራለሁ። የሴሉን ዳር ብሎ የሚስለውን መስመርም አትመኑት፤ ኒውክለሱን በ5 ማይክሮን አስፍቶ የገመተው ነው።

አማካሪያችን የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አይተው «ታዲያ በጠቅላላው ስንት ነርቭ ሴል አለ ማለት ነው?» አሉኝ። ለዚህ ኪውፓዝ መልስ የለውም፤ የሚቆጥረው ስላይዱ ላይ የሚታየውን ነው። ቁራጩ 5 ማይክሮን ውፍረት ኖሮት ኒውክለሱ 10 ማይክሮን ከሆነ፣ አንዱ ኒውክለስ በተከታታይ ቁራጮች ላይ ደጋግሞ ይታያል። አበርክሮምቢ የተባለ ተመራማሪ በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስተካከያ የቁራጩ ውፍረት ለውፍረቱና ለኒውክለሱ ቁመት ድምር ይካፈላል፦ 5 ለ15፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ፤ በዚህ ሲባዛ 300 የተቆጠረው 100 ይሆናል! የትንሿ አይጥ (mouse) አንጎል በጠቅላላው ወደ 70 ሚሊዮን ገደማ ነርቭ ሴል እንዳለው ይገመታል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚገኘው ግን በሌላ ዘዴ እንጂ ከእንዲህ ዓይነት ስላይድ አይደለም። ቡድንን ከቡድን ለማወዳደር ግን፣ የኒውክለሱ መጠን በሁለቱም እኩል እስከሆነ ድረስ፣ በስኩዌር ሚሊሜትር የሚወጣው ቁጥር ይበቃል።

መብራት ሲጠፋስ? ስክሪፕቱ በፕሮጀክት ሲሮጥ የጨረሰውን ምስል እያስቀመጠ ስለሚሄድ የሚጠፋው በጅምር ያለው ብቻ ነው። በእጅ የሚሠራውን ግን ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግ ግድ ነው፣ በተለይ እንደ እኔ የላፕቶፑ ባትሪ ለደከመበት ሰው። በ8 ጊጋባይት ራም ተራ ምስሎችን ያለችግር ይሠራል፤ ትልልቆቹን ስካኖች የማስኬደው ብሮውዘሩን ዘግቼ፣ አካባቢውን ከፋፍዬ ነው። በዓመት አንዴ ጥቂት ምስል የሚቆጥር ሰው ይህን ሁሉ መማር አያስፈልገውም፤ ኢሜጅጄ (ImageJ) የሚባለው ሌላ ነፃ የምስል ሶፍትዌር ያለው የእጅ መቁጠሪያ ይበቃዋል።