የሐይቁን ሰርግ ሪያድና ቤይሩት ያደረሰልን የደሴው ልጅ (ረጅም ነው፣ ታገሱኝ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ የወሎ ልጆች። ደሴና አካባቢው ላይቭ የሚያስተላልፍ ሰው ጠቁሙን ስትሉ አያለሁ፣ እኔ ደግሞ ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እማ አትለቀኝም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ባንድ ላይ።

የታናሽ እህቴ ሰርግ ነበር ባለፈው እሁድ፣ ሐይቅ ከተማ እናታችን ቤት። ወጪውን የቻለው ሪያድ ያለው ታላቅ ወንድማችን ነው፣ ድንኳኑ በሱ በሬው በሱ፣ ግን በኢቃማው (በመኖሪያ ፈቃዱ) ጉዳይ መምጣት አልቻለም። አክስታችን ደግሞ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምትሰራው። አምና የአጎቴ ልጅ ስታገባ አንዱን ከፍለነው በስልኩ ላይቭ ገባልን፣ መንዙማው ሲጀመር የዘፈን መብት ምናምን ተብሎ ድምፁ ጠፋ፣ ከዛ ምስሉም እየተንገጫገጨ ቆመ። ወንድሜ ያኔ "የድንኳኑን ምሰሶ በደንብ አይቻለሁ" ብሎ ሳቀ፣ አሳሳቁ ግን ሆዴን በላኝ።

ይሄኛው ልጅ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስለ ካሜራው ይደሰኩርልኛል ብዬ ስጠብቅ "የሚያየው ማነው? በምን ስልክ? ዋይፋይ ነው ዳታ?" እያለ ያፋጥጠኝ ጀመር። ቤት ሄጄ ስቆጥር 60 ስልክ ገደማ ሆነ። የአክስቴ ስልክ አሮጌ ነው፣ ስክሪኑም ተሰንጥቋል፣ የአሰሪዎቿ ዋይፋይ ደግሞ ኩሽና ላይ ሲደርስ ይሞታል። ይሄን ስነግረው "በቃ የምንሰራው ለሷ ነው፣ እሷ ጋ ከደረሰ ሌላው ጋ መድረሱ አይቀርም" አለኝ። እዚህ ጋ ነው የወደድኩት።

እኔ ክላውድ ሲባል ፎቶ ማስቀመጫ ነበር የሚመስለኝ። እሱ እንዳስረዳኝ ከሐይቅ የሚወጣው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፣ 60 ሰውም ይየው 600 እኛ የምንልከው ያንኑ አንዱን ነው፣ በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት። አማዞን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የአማዞን ኮምፒውተር በሉት) ላይ ሚዲያላይቭ የሚሉት ማባዣ ጋ ሲደርስ እዛው በ720 በ480 በ360 የምስል ጥራት ይባዛል፣ ድምፁም ለብቻው ይወጣል፣ ከዛ ስድስት ስድስት ሰከንድ እየተቆረጠ ክላውድፍሮንት የሚባለው ደግሞ ለየተመልካቹ ቀረብ ካለ ሰርቨር ያድለዋል። ስልኩ ራሱ ኔትወርኩን እያየ የሚችለውን ያነሳል። ያው እኛ ቤት የእስላም ድስት የክርስቲያን ድስት ተለይቶ ይቀርብ የለ፣ ማንም ፆሙን አያድርም።

ሰርቨሩን ፍራንክፈርት አደረገው። ኬፕታውንም አለ ሲለኝ አፍሪካ አይደል እንዴ እሱ ይቀርበናል አልኩት፣ "ካርታውን ተይው፣ መንገዱን ነው የምናየው" ብሎ ከጅቡቲ ባህር ገብቶ ወደ አውሮፓ የሚሄደውን ገመድ አወራልኝ፣ ለክቶም አሳየኝ፣ የፍራንክፈርቱ ይፈጥን ነበር።

ብሩን በተመለከተ፣ አካውንቱን በወንድሜ ስምና በወንድሜ ካርድ ነው ያስከፈተው፣ ለራሱ ለስራው የምትበቃ ዩዘር ብቻ ወሰደ። ቢሉ በቀጥታ ለወንድሜ ነው የሚመጣው። 60 ስልክ ለሶስት ሰዓት በአማካይ በ1 ሜጋቢት ቢያይ 81 ጊጋ አካባቢ ነው ብሎ በወረቀት አሰላልን፣ ክላውድፍሮንት በወር የመጀመሪያውን 1 ቴራባይት ስለማያስከፍል ዋናው ወጪ የማባዣው ሰዓት ነው። ያን ካላጠፉት ሰርጉ ቢያልቅም ይቆጥራል፣ ማታ እንዳጠፋው ስክሪንሾት ላከልን። የሱ የድካም ዋጋ ደግሞ ከድንኳን ኪራዩ አነስ ያለ ነው፣ ስንቱን በውስጥ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን እማን አስቀምጦ "እማማ፣ የማይታየው የቱ ነው?" ብሎ ጠየቃት። ሂና የሚቀባበት የሴቶቹ ክፍል አልተላለፈም፣ ሊንኩም በይለፍ ቃል ነበር፣ በማግስቱ ተዘጋ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ (አይገርምም)። ባትሪና ኢንቨርተር ይዞ ነበር የመጣው። ሞደሙን ከድንኳኑ አውጥቶ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሰቀለው፣ ሁለት ሲም ከሁለት ድርጅት። ችግሩ የመጣው ሰዉ ሁሉ በየስልኩ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር ነው፣ ሰዉም እኛም አንድ ታወር ላይ ስለሆንን የኛ መስመር ቀጠነ። አጎቴን በጆሮው አንሾካሾከለት መሰለኝ፣ አጎቴ ተነስቶ "ኒካሁ እስኪያልቅ ስልካችሁን ኪስ!" ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፣ ግን ሰራ።

ኒካሁ ሲታሰር እማ አላስችል ብሏት ወንድሜ ጋ በስልክ ደውላለች። እልልታው ቀለጠ፣ እሱ በስልኩ ይሰማዋል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሸኹ ገና ዱዓ ላይ ናቸው። "እማ ገና አልጨረሱም እኮ ምን ሆናችሁ ነው እልል የምትሉት?" ይላል። ላይቩ 30 ሰከንድ አካባቢ እንደሚዘገይ ልጁ ቀድሞ ነግሮናል፣ እማ ግን "የዛ አገር ሰዓት ወደ ኋላ ነው ልጄ" ብላ አረፈችው። ሪያድና እኛ እኮ አንድ ሰዓት ነን ሃሃሃ።

አክስቴ ምስሉ አልሆነላትም። ድምፁን ብቻ በጆሮዋ ሰክታ እቃ እያጠበች ኒካሁን ከነዱዓው ጨረሰች፣ ማታ በድምፅ መልዕክት አሚን ስትል ሰማናት። ሸኹ ደረት ላይ ማይክ ያደረገው ለካ ለዚህ ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ሲም ሲቀይር አራት ደቂቃ ያህል ተቋርጧል፣ ካሜራውም አንድ ስለሆነ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ከሩቅ ነው የታዩት፣ እንደ ፊልም እንዲያምር የፈለገ ቪዲዮ አንሺ ለብቻው ይያዝ። የተቋረጠው ግን ላፕቶፑ ላይ ተቀድቶ ነበር፣ ማክሰኞ በፍላሽ አምጥቶልናል።

ወንድማለም፣ እማ "ከፍ ያርግህ፣ ክፉ አይንካህ" ብላሃለች፣ እኔም ወላሂ ውለታህ አለብኝ። ስሙን እዚህ አትጥሪ ስላለኝ ነው እንጂ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ስልኩን እሰጣለሁ። ከሳምንት በፊት ንገሩት፣ ቦታው ድረስ መጥቶ ኔትወርኩን ሳይለካ እሺ አይልም፣ ስትደውሉለትም ስንት ሰው በምን ስልክ እንደሚያይ ቆጥራችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።