ሴራማይድ ያለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም፦ ከ10 ሳምንት አጠቃቀም በኋላ

ይህን ክሬም የገዛሁት አንድ ሙሉ ቀን ያለ ምንም መከላከያ ደጅ ከዋልኩ በኋላ ነው። በዕለቱም ሆነ በማግሥቱ ፊቴ ላይ ያየሁት ለውጥ አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጉንጮቼ ተወጠሩ፣ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቆዳዬ በስሱ ይላጥ ጀመር፣ ስታጠብም ውኃው ራሱ አቃጠለኝ። ከቱቦው ፊት ላይ «ኤስፒኤፍ 50» (የፀሐይ መከላከል አቅም መለኪያ) እና «ሴራማይድ» (በቆዳ ውስጥ የሚገኝ የስብ ዓይነት) የሚል ጽሑፍ ሳይ ሁለቱም የሚያስፈልጉኝ ስለመሰለኝ ወሰድኩት። ዛሬም ክሬሙን ወድጄዋለሁ፤ የወደድኩት ግን በገዛሁበት ምክንያት አይደለም።

የቆዳችን የመጨረሻው የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ብቻ ይወፍራል። የሞቱ ጠፍጣፋ ሴሎች እንደ ጡብ ተደርድረውበታል፤ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ጡብን ከጡብ እንደሚያያይዝ ጭቃ ሆኖ የሰውነት ውኃ ተንኖ እንዳያልቅ፣ የውጭ ነገርም እንዳይገባ ይከላከላል። ከዚህ ስብ በክብደት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ፋቲ አሲድ ነው። ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ከዚህ ሽፋን በታች ያሉትን ሕያው ሴሎች ሲመታ፣ የተጎዱት ሴሎች ስቡን የሚያመነጩባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች በአግባቡ ሳይሠሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የሽፋኑ መከላከያነት የሚሳሳው እነሱ ላይኛው ሽፋን ሥር ሲደርሱ ነው። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ከቆዳ የሚተነው ውኃ የጨመረው ከጨረሩ በኋላ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ውስጥ ነበር። የእኔ ሦስተኛ ቀን ከዚህ ጋር ስለሚገጥም፣ የአንድን መከላከያ ክሬም ጥቅም በዋሉበት ዕለት ማታ መስተዋት አይቶ መፍረድ አይቻልም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናትም ዩቪቢ የሰውን ቆዳ የላይኛ ሽፋን ሴሎች መያያዝ እንደሚያላላና ሽፋኑን ለመሰንጠቅ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል።

የፊት ወዝ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ከወዛችን ከ10 በመቶ የሚበልጠው ስኳሊን የተባለ ስብ ሲሆን በአልትራቫዮሌት ጨረር በቀላሉ ስለሚበላሽ ወደ ፐርኦክሳይድ ይለወጣል፤ ዘይት ፀሐይ ላይ ሲውል እንደሚሻግት ማለት ነው። በዚህ መበላሸት ውስጥ ዩቪኤ የሚባለው ሌላው የአልትራቫዮሌት ጨረርም ድርሻ አለው፤ ዩቪኤ ደግሞ ምድር ላይ ከሚደርሰው የአልትራቫዮሌት ጨረር 95 በመቶ ያህሉን ይይዛል፣ የመስኮት መስታወትንም ዘልቆ ይገባል። ኤስፒኤፍ የሚለካው ቆዳን የሚያቀላውን፣ ማለትም በዋናነት የዩቪቢን ጉዳት ስለሆነ፣ 50 የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ዩቪኤ በቂ ነገር አይናገርም።

የክሬሙ ትልቁ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ አምራቹ ግን ደብቆታል። በቱቦው ጀርባ፣ ጫፉ ከታጠፈበት ሥር፣ በክብ ውስጥ «ዩቪኤ» የሚል ትንሽ ምልክት አለ፤ በአውሮፓ አሠራር ይህ ምልክት የዩቪኤ መከላከያው ከኤስፒኤፉ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ መሆኑን ያመለክታል። ፊት ለፊት በደማቁ መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር። ሴራማይዱ፣ ይዘቶች ከብዙው ወደ ጥቂቱ በሚደረደሩበት ዝርዝር ላይ፣ የሚገኘው ፊኖክሲኤታኖል ከተባለው ክሬሙን ከመበላሸት ማቆያ በኋላ ነው፤ የዚህ ማቆያ የተፈቀደ ከፍተኛ መጠን በአውሮፓ 1 በመቶ በመሆኑ ሴራማይዱም ከዚያ አይበልጥም። አምራቹን የማመሰግነው ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድንም አብሮ በመጨመሩ ነው፤ በተጎዳ የአይጥ ቆዳ ላይ ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ሲቀቡ ማገገሙ እንደሚዘገይ ታይቷልና።

ሴራማይዱ ምን ያህል እንደሚያግዝ ለማየት ለ2 ሳምንት ክሬሙን በስሱ፣ የባቄላ ፍሬ በምታህል መጠን ብቻ ተቀባሁ። ደጅ በዋልኩ በሦስተኛው ቀን ያው መወጠር ተመለሰ። በሙሉ መጠን በተቀባሁባቸው ሳምንታት ግን አንድም ቀን አልተላጥኩም። ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር የሚገኘው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ሲቀባ ነው፤ ለፊት 1.2 ግራም ያህል ማለት ነው፣ ሁለት ጣት ሙሉ (በሁለት ጣቶች ርዝመት የተጨመቀ)። በቀን ሁለት ጊዜ ከተቀቡት 50 ሚሊ ሊትሩ ቱቦ ሦስት ሳምንት ብቻ ይቆያል። ቱቦው ላይ ያለው መመሪያ «በበቂ መጠን ይቀቡ» ከማለት ያለፈ ነገር አለመጻፉን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚቀባው ከሚገባው ግማሽ በታች ነውና።

ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ዚንክ ኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ስላለበት ግን ጠይም ፊቴን ለአሥር ደቂቃ ያህል አመዳም ያደርገዋል፤ ከቅንድብ ፀጉር መካከል ነጩ ቶሎ አይለቅም። በሁለት ጊዜ ከፍሎ መቀባት ይህን ይቀንሰዋል። ላብ ካለ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት፣ ሁለተኛው ቅብ ግን ከመጀመሪያው ላይ እየተጠቀለለ ፍርፋሪ ያወጣል፤ በደረቅ ጨርቅ ፊትን ጫን ጫን አድርጎ ላቡን ካነሱ በኋላ ሲቀባ ይሻላል።

ችፌ ያለበት ሰው ሐኪሙ በዩቪቢ ጨረር (የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር በሆነው) እያከመው ከሆነ፣ ያ በልክ የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ የክሬሙን አጠቃቀም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ለሌላው ግን፣ ሁለት ጣት ሙሉ ለመቀባትና ቱቦውን ቶሎ ቶሎ ለመተካት ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። የእኔ ሦስተኛው ቱቦ ሊያልቅ ነው።